ኦይል ሲል ላይ የታተመው 35-50-8 ምንድን ነው?

ኦይል ሲል የሚሽከረከር ሻፍት ከሞተሩ በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ተነክሶ ዘይት የሚይዝ ቀለበት ነው። ውጪው ብረት ሆኖ ብዙ ጊዜ ጎማ ለብሷል፤ ውስጡ ቀጭን የጎማ ከንፈር አለው። ከከንፈሩ ጀርባ የተጠመጠመች ትንሽ ሞላ ከንፈሩን ሻፍቱ ላይ ታጠብቀዋለች።

ሦስቱ ቁጥሮች በሚሊሜትር ናቸው፦ 35 የሻፍቱ ውፍረት፣ 50 ሲሉ የሚገባበት ቀዳዳ፣ 8 የሲሉ ጥልቀት። ቁጥሮቹ የሚናገሩት ስለ ሻፍቱና ስለ ቀዳዳው ነው እንጂ ስለ ጎማው አይደለም። የአዲስ 35 ሲል ከንፈር በካሊፐር ቢለካ ከ35 ያንሳል፤ ሻፍቱን እንዲጨብጥ ሆን ተብሎ ጠብቦ ተሠርቷል። ውጪውም ከ50 በጥቂቱ ይበልጣል፤ አለዚያ ቀዳዳውን አይነክስም። ስለዚህ ቁጥሩ የጠፋበትን አሮጌ ሲል ለክቶ መግዛት ያሳስታል፤ ከንፈሩ ተበልቶ ሰፍቷል። ሻፍቱንና ቀዳዳውን ጠርጎ መለካት ነው፤ ሻፍቱንም ሲሉ ካልፈተገው ቦታ ላይ። በጣት ተገፍቶ የሚገባ ሲል ልኩ አይደለም፤ ዙሪያውን ሲሊኮን ቀብቶ ማስገባትም መፍትሔ አይሆንም።

ቶዮታ ላይ በ90311 የሚጀምር የዕቃ ቁጥር ኦይል ሲል ነው፤ ተከትለው የሚመጡት ሁለት አሃዞች አብዛኛውን ጊዜ የሻፍቱን ልክ ያመለክታሉ። ቢሆንም በሻንሲ ቁጥር የተገኘውን ሙሉ ቁጥር ይዞ መሄድ ይሻላል፤ ሶማሌ ተራም ቢሆን «የቪትዝ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ቪትዝ ከአንድ በላይ ሞተር አለው።

ልክ ገጠመ ማለት ዕቃው ትክክል ነው ማለት ግን አይደለም። ኤንቢአር የተባለው ተራ ጎማ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ መድረቅ ይጀምራል፣ ኤሲኤም የተባለው የጎማ ዓይነት 150 ገደማ ይችላል፣ ኤፍኬኤም የተባለው ደግሞ 200። የክራንክሻፍት (የሞተሩ ዋና ሻፍት) ሲል በኤንቢአር ቢተካ መጀመሪያ ላይ ምንም አያፈስም፤ ከንፈሩ ደርቆ ሲሰነጠቅ ነው ጣጣው የሚመጣው። አንዳንዱ ሲል ከንፈሩ ላይ ያጋደሉ ጭረቶችና ቀስት አለው። ቀስቱ ሻፍቱ የሚዞርበትን አቅጣጫ ያሳያል፤ የተገላቢጦሹ ከተገጠመ ጭረቶቹ ዘይቱን ወደ ውጪ ይገፉታል።

አሮጌው ሲል ሲወጣ ሻፍቱ ላይ ጥፍር ይሮጥበት። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አዲሱ ሲል እዚያው ቦይ ላይ ካረፈ ያፈሳል። ቦታ ካለ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ገባ ወይም ወጣ አድርጎ መግጠም፣ ከሌለ ሻፍቱን ቀጭን የብረት እጅጌ ማልበስ ያስፈልጋል። ሻፍቱን በካቻቢቴ መቧጨር አዲስ ማፍሰሻ መክፈት ነው።

ሲገጠም ሞላ ያለበት ጎን ወደ ዘይቱ ይዞራል። የጎማ ከንፈር የሞተር ዘይት ይቀባል፤ ሞላ የሌለው የቴፍሎን ከንፈር ግን አምራቹ ካላለ በስተቀር በደረቁ ነው የሚገባው። ከሲሉ የውጪ ልክ ትንሽ በሚጠብ ቧንቧ ዙሪያውን እኩል እየመቱ ማስገባት ነው፤ በአንድ ጎን የተመታ ሲል ይጋደላል፣ ሞላውም ሊወልቅ ይችላል።

ልኩም ዓይነቱም ትክክል ሆኖ በቀናት ውስጥ ተገፍቶ ከወጣ ወይም ካፈሰሰ ሌላ ሲል ከመግዛት በፊት የሞተሩን የውስጥ ጋዝ የሚያስወጣው ፒሲቪ ቫልቭና ቱቦው ይታይ። ሲደፈን የሞተሩ ጋዝ መውጫ አጥቶ ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋዋል።