የአይላ ደሴት ዊስኪ፦ አሠራሩና ጣዕሙ

አይላ በስኮትላንድ ምዕራብ ጠረፍ፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጋር የምትዋሰን ደሴት ናት። በስፋትም በሕዝብ ብዛትም ትንሽ ብትሆንም፣ ጭስ ጭስ የሚል ዊስኪ ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው የእርሷ ስም ነው።

አረቄ የማውጣትን ጥበብ ወደ አካባቢው ያመጡት የአየርላንድ መነኮሳት ናቸው ይባላል። በስኮትላንድ የሚታወቀው ቀዳሚ የጽሑፍ ማስረጃ ግን እ.ኤ.አ. በ1494 ጆን ኮር ለተባለ መነኩሴ ብቅል መሰጠቱን የሚገልጸው የንጉሡ ግምጃ ቤት መዝገብ ነው። በ1823 የወጣው ሕግ ፈቃድ ማግኘትን ስላቀለለ በስውር ማውጣት እየቀረ መጣ።

የአይላ ጣዕም የሚጀምረው ከብቅሉ ነው። ላፍሮይግና ቦውሞር የተባሉት የደሴቲቱ ዊስኪ ፋብሪካዎች ዛሬም የብቅላቸውን ከፊል በራሳቸው ወለል ላይ ያበቅላሉ። የተነከረው ገብስ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ይሰጣል፤ ሥሩ እንዳይተባተብና ሙቀቱ እንዳያቃጥለው ሠራተኞች ላይዳ በመሰለ የእንጨት አካፋ ቀንም ሌሊትም ይገለብጡታል። ከዚያ ከሥሩ ፒት ይነድበታል። ፒት በረግረግ ውስጥ ለሺህ ዓመታት ተከማችቶ የተብላላ ዕፅዋት ሲሆን፣ እየተቆረጠና እየደረቀ ለማገዶ ይውላል። ጭሱ በደንብ የሚይዘው ብቅሉ እርጥብ ሳለ ስለሆነ እሳቱ ፈጥኖ እንዲግም አይፈለግም። ብሩክላዲ የተባለው ፋብሪካ ግን በስሙ የሚጠራውን ዊስኪ ያለ ፒት ይሠራል።

ብቅሉ ተፈጭቶ በሙቅ ውሃ ከተዘፈዘፈ በኋላ ጣፋጩ ፈሳሽ በእርሾ ይብላላና በመዳብ ጋኖች ሁለት ጊዜ ይወጣል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጠብታ ተለይቶ መካከለኛው ይወሰዳል። የጭሱ ጠረን በብዛት የሚመጣው ወደ መጨረሻው ነውና፣ ባለሙያው ዘግይቶ ከቆረጠ ዊስኪው ይበልጥ ይጨሳል። ይህን የመሰለ ሙያ በቀላሉ አይገኝም።

የዛሬው የስኮትላንድ ዊስኪ ሕግ የወጣው አረቄ ቢያንስ 3 ዓመት፣ ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ በርሜል እንዲቆይ ያስገድዳል። ቡርቦን (የአሜሪካ ዊስኪ) የነበረበት የአሜሪካ በርሜል የቫኒላ፣ ሼሪ (የስፔን ወይን ጠጅ) የነበረበት የዘቢብና የበለስ ጣዕም ይሰጣል። ጨዋማነቱን ለባሕሩ አየር የሚሰጡ አሉ፤ ጉዳዩ ያከራክራል። በየዓመቱ 2 በመቶ ገደማ የሚተነውን «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል።

የ10 ዓመት ላፍሮይግ ኃይለኛ ነው፤ አዮዲንና የባሕር አረም ይሸታል። ከ25 ዓመት በላይ በቆየው ግን ጭሱ ሰክኖ ፍራፍሬው ጎልቶ ይወጣል፤ የአይላ ዊስኪ ክብሩ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። በጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ዕድሜ ከተቀላቀሉት የትንሹ ነው። ከልክ በላይ የቆየ ዊስኪ እንጨት እንጨት ይላል፤ የአልኮል መጠኑ ከ40 በመቶ በታች ከወረደ ደግሞ ስኮች፣ ማለትም የስኮትላንድ ዊስኪ፣ ተብሎ ሊሸጥ አይችልም።