ሕዝቅያስ ምልክት ጠየቀ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲሉ ነው የጀመረኝ። ልባችሁን ወደ ላይ አንሡ ማለት ነው። «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» ልል አፌን ስከፍት ልቤ ቆመች። ትር ትር ስትል ቆይታ ድንገት ጸጥ አለች፤ ከዚያ ደረቴን ከውስጥ በቡጢ እንደ መምታት አንድ ትልቅ ድው፤ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ወደ ቀድሞ ምቷ ተመለሰች። መቋሚያዬን ጨብጬ ግድግዳውን ተደገፍሁ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ድረስ አምስት ጊዜ ተደጋገመ። ያን ቀን ቅዳሴ አስቀደስሁ አልልም፤ የልብ ምቴን ስቆጥር ዋልሁ።

ቤት ስገባ ምክር አላጣሁም። አንዱ ጨጓራ ነው አለኝ (በአገራችን ጨጓራ ያልተባለ ሕመም ያለ አይመስለኝም)። ጎረቤቴ ዓይነ ጥላ ነው አለች። ሰፈር ካለ ክሊኒክ ብሄድ ደግሞ ደረቴን እንኳ ሳያዳምጡ «ጭንቀት ነው» ብለው ቫይታሚን አዘዙልኝ። ጭንቀት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን ተመርምሮ ሌላው ሁሉ ከተጣራ በኋላ የሚባል ነገር ነው። ከሁሉም የከበደኝ ግን ሌሊት ሌሊት የሚመጣብኝ ሐሳብ ነበር፦ «ሰንበት ትምህርት ቤት ቆመህ አትፍሩ እያልህ ታስተምራለህ፤ ራስህ ግን ሐኪም ‘ደኅና ነህ’ እንዲልህ ትለምናለህ። እምነትህ የት አለ?»

መልሱን ያገኘሁት ከንጉሡ ከሕዝቅያስ ነው። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 20 እንደምናነበው ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ አለቀሰ። እግዚአብሔርም ጸሎቱን ሰምቶ በዘመኑ ላይ 15 ዓመት እንደሚጨምርለት በነቢዩ በኢሳይያስ ላከበት። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ብዙዎቻችን በወደድን ነበር። ነቢዩ ግን የበለስ ጥፍጥፍ እንዲያመጡ አዘዘ፤ አምጥተው በቁስሉ ላይ አደረጉለት። ተስፋውን የሰጠ አምላክ በለሱን አልናቀም። ንጉሡ ይህ ሁሉ ተደርጎለትም አልበቃውም፤ እንደምድን ምልክቱ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ኢሳይያስም አልተቆጣውም። ጥላው አሥር ደረጃ ወደ ፊት ይሂድ ወይስ ወደ ኋላ ይመለስ ብሎ አስመረጠው።

ዘካርያስስ ምልክት ጠይቆ ዲዳ ሆኖ የለም ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው። ለእርሱ ግን መልአኩ ምክንያቱን ነግሮታል፦ ቃሌን አላመንህም አለው። ሕዝቅያስ የጠየቀው ተነሥቶ ወደ እግዚአብሔር ቤት ለመውጣት ነው። የአንዱ ጥያቄ ካለማመን፣ የሌላው ከድካም የመጣ ነው። ደካማውን እግዚአብሔር አይቆጣውም።

መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ደግሞ በእርጋታ አንብቡት። ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። ስትታመም ጸልይ ይልና ወዲያው ለሐኪሙም ስፍራ ስጠው፣ ከአንተ አይራቅ ብሎ ይቀጥላል። ለእኔ ያልጠበቅሁት ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ ሕመሙን አውቀው እንዲፈውሱ ሐኪሞቹም እግዚአብሔርን ይለምናሉ ይላል። ለካ በጠረጴዛው በዚያ በኩል ያለውም ሰው ይጸልያል።

የልብ ስፔሻሊስት ለማየት ወረፋ ያዝሁ። የልብን ምት በወረቀት ላይ የሚሥለውን ኢሲጂ ሲያነሡኝ ነርሷ ማተቤን አይታ «አይፍቱት፣ ወደ ጎን ብቻ ያድርጉት» አለችኝ። ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። መኪና ጋራዥ ሲደርስ ድምፁን እንደሚያጠፋው ማለት ነው። ሐኪሙ ግን በዚህ አላበቃም። ልብን በድምፅ ሞገድ የሚያሳየውን ኤኮ አዘዘ፤ የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ ጨመረ፤ የልብን ምት ያለማቋረጥ የሚመዘግብ፣ ሆልተር የሚባለውን መሣሪያም ለ24 ሰዓት አሠረልኝ። የመጀመሪያው ሆልተር በጀርባ የሚታዘል፣ 38 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነበር አሉ። የእኔው ከእጅ ስልክ ያንሳል። የሚሰማኝን ሁሉ ከነሰዓቱ እንድጽፍ ወረቀት ሰጡኝ፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለኪዳን ስነሣ ሁለት ጊዜ፣ ቡና ላይ ሦስት ጊዜ ብዬ ጻፍሁ።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ የጻፍሁትን ከመሣሪያው ጋር አስተያየው። «ቆመች» ያልሁባቸው አንዳንዶቹ ሰዓቶች ላይ ልቤ በደንብ ስትመታ ነበር። ሳላውቀው ተኝቼ ሳለሁ ደግሞ ብዙ ትርፍ ምት መጥቶ ሄዷል። ነገሩን እንዲህ አስረዳኝ፦ አንዲት ምት ጊዜዋ ሳይደርስ ቀድማ ትመጣለች፤ ደካማ ስለሆነች አትሰማም። ከዚያ ልብ ትንሽ ረዘም አድርጋ ታርፋለች፤ በዕረፍቱ ብዙ ደም ስለምትሞላ ቀጥላ የምትመጣው ምት ታስደነግጣለች። ልብ በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል ትመታለች፤ ጤነኛ ልብም አልፎ አልፎ እንዲህ ታደርጋለች። ስንት ስኒ ቡና እንደምጠጣ ጠየቀኝ። እስከ በረካ አልሁት። ሳቀ፤ አንዳንድ ሰው ላይ ቡናና እንቅልፍ ማጣት ያባብሱታል አለኝ። ወዲያው ግን ፊቱን ቋጠር አድርጎ፣ ራስህን ከሳትህ፣ ደረትህን ከተጫነህ፣ ትንፋሽ ካጠረህ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ወዲያው ና አለኝ። ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለም እንዳልደብቀው ጠየቀኝ።

የእኔ ፈተና ከዚህ በኋላ ነው የጀመረው ብል አላጋነንሁም። ደኅና ነህ ተብዬ በሳምንቱ ሌላ ኢሲጂ ለመነሣት ሌላ ቦታ ሄድሁ። በሚቀጥለው ሳምንትም አሰብሁ። ጣቴ ከእጄ አንጓ አልለይ አለ። ጣቴ ምት ሲቆጥር ከንፈሬ አቡነ ዘበሰማያት ይላል። ሕዝቅያስ ምልክቱን አንድ ጊዜ ነው የጠየቀው፤ ጥላው ሲመለስ አይቶ በቃው። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው «ልጄ፣ ለሐኪሙ ስፍራ ስጠው ተባልህ እንጂ ቤትህን ልቀቅለት አልተባልህም» አሉኝ። አዲስ ምልክት ካላየሁ በቀር በቀጠሮዬ ብቻ ልሄድ ቃል ገባሁ። አንዳንድ ሌሊት ቃሌን መጠበቅ ከስግደት ይከብደኛል።

የሁሉም ሰው ግን እንደ እኔ አይደለም፤ ስለዚህ ይህን አንብባችሁ «ለካ ምንም አይደለም» ብላችሁ እንዳትቀመጡ። በጉባኤያችን አንዲት እኅት አለች። በልጅነቷ የጉሮሮ ሕመም እየተመላለሰባት እንጥሏን አስቆርጠዋታል፤ በፔኒሲሊን መታከም የነበረበት ነገር ሳይታከም የልቧን በር አጠበበው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ይህ በሽታ የያዛቸውን ብዙ ልጆች ያክማል። የእርሷ ልብ ትርፍ ምት ብቻ አይደለም የምትመታው፤ ምቷ ጨርሶ ሥርዓት የለውም። የላይኞቹ የልብ ክፍሎች ሲንቀጠቀጡ ደም ይጠራቀማል፣ ይረጋል፤ የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ለዚህ ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን መድኃኒት፣ ዋርፋሪንን፣ ትወስድ ነበር። በዐቢይ ጾም ጸበል ስትገባ አንድ ሰው መድኃኒት ከያዝሽ አልታመንሽም አላት። አቆመች። በሦስተኛው ሳምንት ቀኝ እጇና አንደበቷ ታሰረ።

ያን ያላትን ሰው ካህን ነው አልልም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን እየጣሉ ጸበል ሲገቡ፣ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አይጣሉም ብለው በአደባባይ አስተምረዋል። ዋርፋሪን የምትወስዱ፣ ጾም ሲገባ ጎመን በአንዴ አታብዙ፤ ጎመን የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሰዋልና አመጋገባችሁ ሲለወጥ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ለሕመምተኛ ቤተ ክርስቲያን የጾምን ቀንበር ታቀልላለች፤ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ።

እኅታችን አሁን በግራ እጇ ታማትባለች፤ ንግግሯ ግን ተመልሷል። መድኃኒቷን እየወሰደች ጸበሏንም ትጠጣለች። ባለፈው እሑድ የጸሎት መጽሐፏን ስትገልጥ አንድ ካርድ ወደቀ፤ አነሣሁላት። የደም መርጋት ምርመራ ቀጠሮዋ ነው፤ የመዝሙረ ዳዊቷ ምልክት አድርጋዋለች። «ረቡዕ ነው፤ በጸሎት አስቡኝ» አለችኝ። እናንተም አስቧት።