የግሩፕ ፕሮፖዛል ምንድን ነው?

ቴሌግራም ላይ ግሩፕ መክፈት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የግሩፕ ፕሮፖዛል ከዚያ በፊት የሚጻፍ፣ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ጽሑፍ ነው። ግሩፑ ለምን እንዳስፈለገ፣ ምን እንደሚወራበትና እንደማይወራበት፣ ማን እንደሚያስተዳድረው ይናገራል።

ልማዱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ሥራ በጀመረው ዩዝኔት በተባለ የኮምፒውተር መረብ የውይይት መድረክ ላይ ለአንድ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ አዲስ ቡድን የፈለገ ሰው መጀመሪያ የውይይት ጥሪ ያወጣ፣ ቀጥሎ ድምፅ ያሰጥ ነበር። ለብዙ ዓመታት በሠራው ደንብ ደጋፊዎች ተቃዋሚዎችን ቢያንስ በ100 መብለጥና ከድምፁ ሁለት ሦስተኛውን መያዝ ነበረባቸው።

ጎንደር ውስጥ ለሚከፈት የፓይተን (የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው) ግሩፕ 100 ድምፅ መጠበቅ ቀልድ ነው። ከዩኒቨርሲቲው የቴዎድሮስና የማራኪ ግቢ፣ ከፒያሳም ሆነ ከአዘዞ፣ አሥራ አምስት ጠያቂና ሦስት መላሽ ከተገኘ ለመጀመር ይበቃል። የሚያስጨንቀው የመላሾቹ ቁጥር ነው፤ ጥያቄው ቀኑን ሙሉ ያለ መልስ የዋለበት ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም።

ፕሮፖዛሉ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ «ለምን» በሚለው ክፍል ላይ ነው። «ፓይተንን ለማስፋፋት» የሚል መልስ ምንም አያስረዳም። ምክንያት የሚሆነው ሌላ ቦታ መልስ የሚያጣ ጥያቄ ነው። ለምሳሌ ጀማሪው ኪቦርዱን ከአማርኛ ሳይመልስ በ«ኢፍ» (ሁኔታ የሚፈትሽ ትእዛዝ) መስመር መጨረሻ፣ በኮለን (:) ፋንታ የእኛን ሁለት ነጥብ (፡) ይጽፋል። ለዓይን ያው ነው። ፓይተን ግን የማይፈቀድ ምልክት አገኘሁ ብሎ ይቆማል። በአማርኛ ኪቦርድ ጽፎ የማያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ አይገባውም። (በነገራችን ላይ ፓይተን 3 የቫሪያብል ስም በፊደላችን መጻፍን ይፈቅዳል፤ የማይቀበለው ሥርዓተ ነጥባችንን ነው።) እንዲህ ያሉ አምስት ስድስት እውነተኛ ጥያቄዎች ተሰብስበው ይያያዙ።

ወሰኑ ይጥበብ። «ስለ ቴክኖሎጂ ሁሉ» የተባለ ግሩፕ የማስታወቂያ መለጠፊያ ሆኖ ይቀራል።

ስለ ኮድ አላላክ ግን በዝርዝር መጻፍ ያስፈልጋል። ኮድ በፎቶ አይላክ፤ ኮፒ አድርጎ መሞከር አይቻልማ። በተራ ጽሑፍ ሲላክም ቴሌግራም በሁለት ሁለት አንደርስኮር (_) መካከል ያለን ቃል አዘንብሎ ይጽፍና አንደርስኮሮቹን ያጠፋቸዋል። ስለዚህ በፊቱና በኋላው ሁለት ሁለት አንደርስኮር ያለው «ኢኒት» የሚባለው የክላስ ፈንክሽን ግሩፑ ውስጥ ሲደርስ ሌላ ስም ይሆናል፤ መላሹም የሌለ ስህተት ሲፈልግ ይውላል። መፍትሔው ከኮዱ በፊትና በኋላ ሦስት ሦስት ባክቲክ (`) ማድረግ ነው።

ፕሮፖዛሉ ለአስተያየት ሲቀርብ ሁለት ሳምንት ይበቃል፤ የፈተናና የጥምቀት ሰሞን ባይሆን ይመረጣል። ተቃውሞ ካልመጣ ጥሩ ምልክት ላይሆን ይችላል፤ ማንም ሳያነበው ቀርቶ ይሆናል። ስለዚህ መላሽ ይሆናሉ የተባሉትን ሰዎች አንድ በአንድ በውስጥ መስመር መጠየቅ ነው።

አስተዳዳሪዎቹ ቢያንስ ሦስት ይሁኑ፤ ሁሉም የአንድ ዓመት ተመራቂ እንዳይሆኑ። ባለቤቱ ተመርቆ ከሄደና አካውንቱን ከተወው፣ የቀሩት አስተዳዳሪዎች ባለቤትነቱን በራሳቸው መውሰድ አይችሉም። ማስተላለፍ የሚችለው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ እሱም የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (የአካውንቱን ተጨማሪ የይለፍ ቃል) ካበራ ቢያንስ 7 ቀን ሊያልፈው ይገባል። ስለዚህ ማረጋገጫው ግሩፑ በተከፈተበት ቀን ይብራ፤ ተተኪው ማን እንደሆነም ፕሮፖዛሉ ላይ በስም ይጻፍ።