«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»፦ ትርጉሙና የሠራተኛ ማኅበራት ታሪክ

ስለ ሠራተኛ ማኅበር ሲነሣ ብዙ ሰው ቶሎ የሚጠቅሰው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ነው። እኔ ግን ለማኅበር ይበልጥ የሚስማማው የሎሚው አባባል ነው ባይ ነኝ። የድሩ አባባል የሚታሰር አንበሳ ይፈልጋል፤ ዓይኑ በባላንጣው ላይ ነው። የሎሚው ግን ባላንጣ የለውም። የሚያሳስበው ሸክሙን ማን ተሸከመው የሚለው ብቻ ነው።

ለምን ሎሚ ሆነ? ድንጋይ ወይም እንጨት ቢባልም የሸክሙ ነገር ያው በሆነ ነበር። ሎሚ ግን በአገራችን ከማዕድ ቤትም ውጭ ወግ አለው። በጥምቀት ጎረምሳው የወደዳትን ልጃገረድ ደረቷን የሚመታው በሎሚ ነው። ወደ በዓል የሚሄድ ሰው አንዷን በመዳፉ ይዞ፣ ቆዳዋን በጥፍሩ ጫር እያደረገ ያሸታታል፤ ሽታዋም እጁ ላይ ይውላል። እንዲህ ያለውን ሰው ሸክም ያዘ የሚለው የለም። ሃምሳውን በነጠላው ቋጥሮ ዳገት የሚወጣው ግን ሌላ ነው። ክብደቱ ትከሻውን ይጎትተዋል፤ አንዷ ሾልካ ወድቃ ሊያነሳት ጎንበስ ሲል ሌሎቹ ይንከባለሉበታል፤ የሎሚው ሽታ ትዝም አይለው። ፍሬው አንድ ነው፤ የተለወጠው የያዡ ቁጥር ነው። የአባባሉ ብልሃት «ጌጡ» በሚለው ቃል ላይ ነው። «ይቀልለታል» ብሎ ማቆም ይችል ነበር። እርሱ ግን ሸክሙን የተካፈሉት ሰዎች ከድካም ከመዳናቸው በላይ ክብር ያገኛሉ ይላል። ዕድርተኛ የሆነ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ሬሳ ለብቻው የሚሸኝ ቤተሰብ ኀዘኑም ውርደቱም ድርብ ነው።

አባባሉን ከፋብሪካ ጋር የሚያገናኘው ድልድይም ይኸው ዕድር ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ መንግሥት ኢንዱስትሪ ለመትከል የውጭ ባለሀብት ይጋብዝ ጀመር። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ በወንጂ ያቋቋመው ስኳር ፋብሪካ በ1946 ሥራ ጀመረ። ለሠራተኛው አሠሪው በአንድ ወገን፣ አሠሪውን የጋበዘው መንግሥትም በዚያው ወገን የቆሙ ነበሩ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በማኅበር መደራጀትን በሕግ መሠረት ቢፈቅድም የሠራተኛ ማኅበር የሚመዘገብበት ሕግ ለዓመታት አልወጣም። በዚያ መካከል ሠራተኛው በዕድርና በመረዳጃ ስም ይሰባሰብ ነበር። ለቀብር የሚዋጣው ገንዘብ የደመወዝ ጉዳይ መወያያም ሆነ።

ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1955 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አብርሃም መኮንንም የተገኘው ከወንጂ ነበር። በዚያው ዓመት አገሪቱ የዓለም ሥራ ድርጅትን የመደራጀትና የኅብረት ድርድር ስምምነቶች፣ ቁጥር 87ንና 98ን፣ ተቀበለች። በ1956 ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛን ግንኙነት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 210 ወጣ፤ ክርክር የሚያይ ቦርድም ተቋቋመ። አዋጁ በአንድ ድርጅት ማኅበር ለማቋቋም የጠየቀው ቁጥር ስንት ነበር? ሃምሳ። ሕግ አርቃቂዎቹ ሎሚውን አስበው ነው አልልም፤ እኔ ግን ይህን ባነበብሁ ቁጥር አባባሉ ጆሮዬ ላይ ይደውላል።

የመንግሥት ሠራተኛውና የቤት ሠራተኛዋ ግን ከቆጠራው ውጭ ቀሩ። የካቲት 28 ቀን 1966 አንድነት ማኅበሩ ለአራት ቀናት ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ሲመታ፣ ካነሣቸው ጥያቄዎች መካከል ከዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ጋር የመንግሥት ሠራተኞች የመደራጀት መብት ነበረበት። ይህን ጥያቄ አከብረዋለሁ፤ ጌጡን ያገኘው ሰው ሸክም ላይ ያለውን አልረሳም። ብዙም ሳይቆይ ደርግ ማኅበሩን ዘጋው፤ በ1969 በምትኩ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተቋቋመ። ሎሚዎቹ ሁሉ በአንድ ጆንያ ገቡ፤ የጆንያው አፍ ግን በመንግሥት እጅ ነበር። ይህ ከተረቱ ጋር አይገጥምም፤ ተረቱ ሃምሳውም ሰው የየራሱን በእጁ እንዲይዝ ይፈልጋልና።

በሠራሁበት አንድ ድርጅት የማታ ተረኞች ከሥራ የሚወጡት ታክሲ በሌለበት ሰዓት ነበር። አንዲት የሥራ ባልደረባችን ሰርቪስ እንዲመደብ ብቻዋን ማመልከቻ ጻፈች። አለቃው አንብቦ ሲያበቃ «አንቺ ብቻ ነሽ የምትቸገሪው?» አላት። እያለቀሰች ወጣች። በሳምንቱ ያንኑ ማመልከቻ፣ አንድ ቃል ሳንለውጥ፣ ተረኞቹ ሁሉ ፈረምንበት፤ ፊርማው ከገጹ ተርፎ በጀርባውም ቀጠለ። ሰርቪሱ በወሩ መጣ። እርሷም ከዚያ በኋላ በዚያ አለቃ ፊት አንገቷን ደፍታ አላለፈችም። እኔ «ጌጡ» የሚለውን ቃል በትክክል የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ሕጉ የሚጠይቀው ቁጥር በ1985ቱ አዋጅ ወደ 20፣ በ1996ቱ ወደ 10 ወርዷል፤ አሁን በሥራ ላይ ባለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም 10 ነው። በዚህ ደስ ይለኛል፤ ሸክሙን ለመከፋፈል ሃምሳ ሰው መጠበቅ ቀርቷል። ነገር ግን በሰው ቤት የምትሠራዋን ሴት አዋጁ ዛሬም አይሸፍናትም፤ የእርሷ ሥራ በሌላ ሕግ ለብቻው ይታያል የተባለ ነው። አዲስ አበባም ሆነ ቤይሩት ወይም ሪያድ ያለችው፣ በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ሠራተኛ ናት። ሃምሳውም ሎሚ በእርሷ ነጠላ ውስጥ ነው።