በጅማ የቤት ኢንተርኔት ፍጥነት አለካክ

የፍጥነት ልኬት ማለት በአንድ ስልክ ወይም ኮምፒውተር እና በአንድ ሰርቨር (ኢንተርኔት ላይ ሆኖ ዳታ በሚልክና በሚቀበል ኮምፒውተር) መካከል በሰከንድ ምን ያህል ዳታ እንደሚያልፍ መፈተሽ ነው። ጅማ ውስጥ የቤት ኢንተርኔት በአብዛኛው የሚመጣው በስልክ ሽቦ (ኤዲኤስኤል)፣ በፋይበር ወይም ሲም ካርድ በሚገባበት የ4ጂ ራውተር ነው። ሦስቱም በተለያየ ምክንያት ስለሚንቀራፈፉ መጀመሪያ የመስመሩን ዓይነት ማወቅ ያስፈልጋል።

ውል ላይ የሚጻፈው ሜጋቢት በሰከንድ ነው፤ ፋይል ሲወርድ የሚታየው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሜጋባይት ነው። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ የ10 ሜጋቢት መስመር በሙሉ አቅሙ በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ብቻ ያወርዳል። «የከፈልኩትን አላገኘሁም» የሚለው ቅሬታ አንዳንዴ ከዚህ የዘለለ አይደለም።

ትልቁ ስህተት ግን በዋይፋይ ለክቶ በመስመሩ ላይ መፍረድ ነው። ራውተሩ ቡፌ ውስጥ ወይም ቴሌቪዥን ጀርባ ከተቀመጠ፣ በመካከል ሁለት የብሎኬት ግድግዳ ካለ፣ ጓዳ ውስጥ የሚገኘው ውጤት የሚናገረው ስለ ቤቱ እንጂ ስለ መስመሩ አይደለም። ትክክለኛው አለካክ ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር በኔትዎርክ ኬብል ማገናኘት፣ የሌሎችን ስልኮችና የቴሌቪዥኑን ዋይፋይ ማጥፋት፣ ቪፒኤን (ግንኙነቱን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያዞር ፕሮግራም) ካለ መዝጋት፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ ለክቶ መካከለኛውን ቁጥር መያዝ ነው። ኬብል ከሌለ ከራውተሩ ሁለት ሜትር ርቆ በ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ መለካት ይቻላል። 2.4 ጊጋኸርዙ ግድግዳ ቢያልፍም የጎረቤት ራውተር ሁሉ የሚጋፋበት ስለሆነ ለልኬት አይመከርም።

መለኪያዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። የኡክላው ስፒድቴስት ብዙ ግንኙነት በአንዴ ከፍቶ የመስመሩን ሙሉ አቅም ይፈልጋል፤ የኤምላብ መለኪያ በአንድ ግንኙነት ብቻ ስለሚሠራ፣ በተለይ ዳታ በሚጠፋበት መስመር ላይ፣ ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ የዛሬውን ከትናንቱ ማወዳደር የሚቻለው መለኪያውም ሰርቨሩም ሳይቀየር ነው። የሰርቨሩ ርቀት በፒንግ ላይ፣ ማለትም መልእክት ሰርቨሩ ደርሶ እስኪመለስ በሚፈጀው ጊዜ ላይ፣ ወዲያው ይታያል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በ1 ሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች ደርሶ መልሱ ቢያንስ 3.5 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል፣ በተግባር ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። አውሮፓ ያለ ሰርቨር ከተመረጠ ከ100 በላይ ቢያሳይ አያስገርምም።

ጅማ ዝናብ የሚበዛባት ከተማ ናት፤ በዚህ በኩል የሚጎዳው የስልክ ሽቦ ነው። መጋጠሚያው ውስጥ ውኃ ሲገባ መስመሩ ይንጫጫል፣ ኤዲኤስኤሉም ይቆራረጣል። የቤት ስልኩን አንስቶ ማዳመጥ ቀላሉ ምርመራ ነው፦ ከዝናብ በኋላ የሚሰማ ጩኸት ካለ ችግሩ ሽቦው ላይ ነው። በራውተሩ የማስተካከያ ገጽ ላይ «SNR margin» የሚለው ቁጥር፣ ማለትም ሲግናሉ ከጩኸቱ በላይ ከሚያስፈልገው ልዩነት ያለው ትርፍ፣ ከ6 ዴሲቤል ሲወርድ መስመሩ ላይረጋ ይችላል። ስፕሊተር (የስልኩን ድምፅ ከኢንተርኔቱ የሚለይ ትንሽ ዕቃ) ሳይገባለት የተሰካ ስልክም ተመሳሳይ ጥፋት ያደርሳል።

ፋይበር ላይ ሎስ (LOS) የሚለው የመሣሪያው መብራት ቀይ ከሆነ መለካት ትርጉም የለውም፤ ብርሃኑ ቤት አልደረሰም። ውሉ ከ100 ሜጋቢት በላይ ሆኖ ውጤቱ 94 አካባቢ ከተቸነከረ ደግሞ የሚጠረጠረው ኬብሉ ወይም የራውተሩ 100 ሜጋቢት ወደብ ነው። ለ4ጂ ራውተር ቦታው ወሳኝ ነው፦ የቆርቆሮ ጣሪያ ሲግናል ስለሚመልስ ከመስኮት አጠገብ ወስዶ እንደገና መለካት ያስፈልጋል።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እና ሰው ሁሉ ቤቱ በሚገባበት ማታ 2 እና 3 ሰዓት ላይ መለካት ጥሩ ነው። ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ ብቻ የሚወርድ ከሆነ የመስመር መጨናነቅ ነው፤ ራውተር መቀየር አይፈታውም። የዳታ መጠኑ የተገደበ ፓኬጅ የሚጠቀም ሰው ግን ልኬቱን ይቆጥብ፦ በ20 ሜጋቢት ለ10 ሰከንድ ማውረድ ብቻ 25 ሜጋባይት ይበላል።

ብልሽት ሲመዘገብ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የማውረድና የመጫን ፍጥነቱን፣ ፒንጉን እና የተመረጠውን ሰርቨር መስጠት፣ «በኬብል የተለካ» ብሎም መጨመር ባለሙያው ሥራውን ከዋይፋይ እንዳይጀምር ያደርጋል። ጥገናው ካለቀ በኋላ ባለሙያው ሳይሄድ በዚያው ኬብልና በዚያው ሰርቨር እንደገና ይለካል።