ባሮሎና ባርባሬስኮ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሰሜን ጣሊያን ከቱሪን ወደ ደቡብ ምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲነዳ አልባ ከተማ ይደረሳል። ባሮሎና ባርባሬስኮ የሚባሉት ሁለት ስመ ጥር ቀይ ወይን ጠጆች የሚወጡት በዙሪያዋ ካሉት የላንጌ ኮረብቶች ነው። ጠርሙሶቹ ውድ ስለሆኑ ስለ እነሱ የሚወራ ስሕተት ገንዘብ ያስከፍላል። ደጋግመው የሚነሱትን እንያቸው።

«ባሮሎ የወይን ዘር ስም ነው»

የመንደር ስም ነው። ዘሩ ኔቢዮሎ ይባላል፤ ባሮሎም ባርባሬስኮም 100 በመቶ ከእሱ ብቻ ይሠራሉ። ባሮሎ ተብሎ መሸጥ የሚችለው በ11 መንደሮች ክልል ውስጥ የበቀለ ሲሆን፣ ባርባሬስኮ ደግሞ ከባርባሬስኮ፣ ከኔይቬና ከትሬይዞ መንደሮች፣ እንዲሁም ከአልባ ጥቂት ክፍል ብቻ ይመጣል። ባርቤራ ግን ሌላ ዘር ነው። በስም መመሳሰል ተታልሎ ባርቤራን «ርካሹ ባርባሬስኮ» ብሎ የሚገዛ ብዙ ነው። ባርቤራ ጠቆር ያለ፣ ኮምጠጥ የሚል፣ አፍ የማያደርቅ ነው፤ በራሱ ጥሩ ነው፣ ግን ሌላ ነገር ነው።

«ቀለሙ ከሳሳ ጥራቱ ወርዷል»

ብርጭቆውን ጽሑፍ ባለበት ነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል አድርጉት። ባሮሎ ከሆነ ፊደሉ በወይኑ ውስጥ ሊታያችሁ ይችላል፤ ጥቂት ዓመት ሲቆይ ደግሞ ጠርዙ የጡብ ቀለም ይይዛል። ይህ የዘሩ ጠባይ ነው። የኔቢዮሎ ልጣጭ የሚሰጠው ቀለም ቀላል ነው፣ እሱም ቶሎ ይደበዝዛል።

እንዲህ ስስ የሚመስለው ወይን አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ኃይለኛ ነው። ስኳር የሌለው ወፍራም ሻይ ድድንና ምላስን እንደሚያደርቀው ያደርቃል። ምክንያቱ ከልጣጩና ከውስጡ ጠጣር ፍሬ የሚወጣው ታኒን ነው፤ በነባሩ አሠራር ጭማቂው ከልጣጩ ጋር 30 ቀንና ከዚያም በላይ ስለሚቆይ ብዙ ይወጣል። በባዶ ሆድ የቀመሰ ሰው «ተበላሽቷል» ቢል አይፈረድበትም። የአገሬው ሰው የሚጠጣው በምግብ ነው፤ ታያሪን ከሚባለው በእንቁላል አስኳል ከሚሠራ ቀጭን ፓስታ ወይም በወይን ከተቀቀለ የበሬ ሥጋ ጋር። ታኒን ከስብና ከሥጋ ጋር ሲገናኝ ይለዝባል። መጀመሪያ አንድ ጉንጭ ብቻውን ቅመሱ፣ ከዚያ አንድ ጉርሻ ሥጋ በልታችሁ ድገሙት፤ ልዩነቱን ምላሳችሁ ይነግራችኋል።

«ሪዜርቫ የተባለው ሁልጊዜ ይበልጣል»

ሪዜርቫ የሚናገረው ስለ ጊዜ ነው። ባሮሎ ከለቀማው ዓመት ኖቬምበር 1 ጀምሮ ቢያንስ 38 ወር መቆየት አለበት፤ ከዚህም 18ቱ በእንጨት በርሜል ውስጥ ነው። ሪዜርቫ ለመባል 62 ወር ያስፈልጋል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2020 የተለቀመው ተራው ባሮሎ ለገበያ የሚወጣው ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ሲሆን፣ ሪዜርቫው ከጃንዋሪ 2026 በፊት አይወጣም። ባርባሬስኮ 26 ወር ይበቃዋል፣ 9ኙ በእንጨት፤ ሪዜርቫው 50 ነው። ልብ በሉ፦ የባሮሎ ሪዜርቫ ተጨማሪ 24 ወር በበርሜል ውስጥ እንዲሆን ሕጉ አያስገድድም። ጃኮሞ ኮንቴርኖ የተባለው አምራች የሚያወጣው «ሞንፎርቲኖ» የተሰኘ የባሮሎ ሪዜርቫ ስሙ የገነነው ለቀማው ጥሩ በሆነ ዓመት ብቻ ስለሚሠራና በትልልቅ በርሜሎች ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ ነው። የደካማ ዓመት ወይን ግን ጊዜ ስለተጨመረለት አይሻሻልም።

«የአንድ ኮረብታ ስም ያልተጻፈበት ተራ ነው»

በባሮሎ ክልል ጠርሙስ ላይ ሊጻፉ የሚችሉ 181 የቦታ ስሞች በይፋ ተመዝግበዋል። ይህን ያህል ስም ሲኖር ሁሉም እኩል ሊሆን አይችልም። በሌላ በኩል፣ ከክልሉ እጅግ ከሚከበሩት ጠርሙሶች አንዱ የሆነው የአምራቹ የባርቶሎ ማስካሬሎ ባሮሎ፣ ካኑቢ የሚባለውን ጨምሮ የተለያዩ ቦታዎችን ወይን በመቀላቀል የሚሠራ ነው። የዱሮው ልማድ ይህ ነበር፤ አንዱ ቦታ መዓዛውን፣ ሌላው ጉልበቱን ያዋጣል።

ለጀማሪ ከኮረብታው ስም በፊት የመንደሩ ስም ይጠቅመዋል። በምዕራብ በኩል ላ ሞራና ባሮሎ መንደር አፈራቸው ለስላሳ ነው፣ ወይናቸውም በአብዛኛው መዓዛው የሚቀድምና ቶሎ የሚደርስ ነው። በምሥራቅ ሴራሉንጋና ሞንፎርቴ አፈሩ የአሸዋ ድንጋይ የበዛበት ስለሆነ ወይኑ ጠንካራ፣ ጊዜ የሚፈልግ ይሆናል። በዚህ ሳምንት የምትጠጡት ከሆነ ላ ሞራን፣ ለልጅ ሠርግ የምታስቀምጡት ከሆነ ሴራሉንጋን ፈልጉ።

«የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይን ለርካሽ ገበያ ነው»

ይህን ለሚል ሰው ፕሮዱቶሪ ዴል ባርባሬስኮን እናሳየዋለን። እ.ኤ.አ. በ1958 የመንደሩ ቄስ 19 አነስተኛ ገበሬዎችን ሰብስቦ ያቋቋመው ማኅበር ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ወይኖች የተሠሩት በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ነው። በጥሩ ዓመት አዚሊና ራባያን ጨምሮ የዘጠኝ ቦታዎች ሪዜርቫ ለየብቻ ያወጣል። ዓመቱ ካላማረ ሪዜርቫ አይሠራም፤ የእነዚያ ምርጥ ቦታዎች ወይን በሙሉ ወደ ተራው ባርባሬስኮ ይገባል። ሪዜርቫ ያልወጣለትን ዓመት ተራ ወይን የገዛ ሰው የአዚሊን ፍሬ በተራ ዋጋ እየጠጣ ነው ማለት ነው።

«ዶልቼቶ ጣፋጭ ወይን ነው»

ዶልቼቶ በዚያው አካባቢ ከሌላ ዘር የሚሠራ ቀይ ወይን ነው። ስሙ በጣሊያንኛ «ጣፋጭዬ» እንደ ማለት ቢሆንም ወይኑ ስኳር የለውም። ጣፋጭ የሚፈልግ ሞስካቶ ዳስቲን ይጠይቅ፤ አልኮሉም 5 በመቶ ገደማ ነው።

«ሃያ ዓመት ካልቆየ አይከፈትም፤ ሲከፈት ደግሞ ሁሉም መተንፈስ አለበት»

ሃያ ዓመት የሚጠብቅ ጥቂት ነው። የሚጎዳው ግን ወጣቱንም አዛውንቱንም ወይን በአንድ ዓይነት መክፈት ነው። አሥር ዓመት ያልሞላውን ባሮሎ ከመጠጣቱ 2 ወይም 3 ሰዓት በፊት አፈ ሰፊ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ገልብጡት፤ አየር ሲያገኝ መዓዛው ይከፈታል። ያረጀውን እንዲህ ብታደርጉት የቀረው መዓዛ ገበታ ሳይቀርብ ይጠፋል። እሱን ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ አተላው ወደ ታች ይዘቅጣል። ቡሹ ስለሚፈረፈር ቀስ ብላችሁ ሳቡ። በብርሃን ፊት ሳታቋርጡ ቅዱ፤ አተላው ወደ ጠርሙሱ አንገት ሲቃረብ አቁሙ። ሙቀቱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይሁን። ክፍሉ ሞቃት ከሆነ ሩብ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ቢቀመጥ ነውር የለውም፤ ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል፣ በጣም ሲቀዘቅዝ ደግሞ ታኒኑ ይመርራል።

«አምራቾቹ ጋ ሄዶ በር ማንኳኳት ይበቃል»

አብዛኞቹ የቤተሰብ እርሻዎች ናቸው፤ በር የሚከፍትላችሁ ሰው ራሱ ትራክተር የሚነዳው ሊሆን ይችላል። ከሳምንታት በፊት ጽፋችሁ ቀጠሮ ያዙ፣ ከቀራችሁም አስታውቁ። እሑድ ብዙዎቹ ዝግ ናቸው። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ለቀማ ስለሆነ ጊዜ አይኖራቸውም፤ ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ ደግሞ የነጭ ትራፍል (ከመሬት ውስጥ የሚቆፈር ውድ እንጉዳይ) ወቅት ስለሆነ አልባ ውስጥ ማደሪያ ይጠፋል። ቀጠሮ ያላገኘ ሰው በግሪንዛኔ ካቩር ግንብ ወይም በባርባሬስኮ በቀድሞው የሳን ዶናቶ ቤተ ክርስቲያን ባሉት የክልሉ የወይን ቤቶች የብዙ አምራቾችን ወይን መቅመስ ይችላል።

በቀን ከሦስት ቤት በላይ አትያዙ፤ ከዚያ በኋላ በታኒን የደረቀ ምላስ አይለይም። የቀመሱትን መትፋት እዚያ እንደ ንቀት አይታይም፣ መትፊያውም ጠረጴዛው ላይ ይቀርባል። ለሚነዳ ሰው ደግሞ ግዴታ ነው፦ የጣሊያን ሕግ በደም ውስጥ የሚፈቅደው በሊትር 0.5 ግራም አልኮል ሲሆን፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሦስት ዓመት ላልሞላው ዜሮ ነው።