ሪትሪቫል ምንድን ነው? የሩቅ ፕላኔት አየር በማሽን ለርኒንግ እንዴት ይነበባል

ሪትሪቫል በሌላ ኮከብ ዙሪያ የሚዞር ፕላኔት ከባቢ አየሩ ምን ምን ጋዝ እንደያዘ፣ ምን ያህል እንደሚሞቅና ደመናው የት ከፍታ ላይ እንደተዘረጋ ከስፔክትረሙ (ብርሃኑ በየሞገድ ርዝመቱ ተለይቶ ሲለካ ከሚገኘው ግራፍ) ተነስቶ ወደ ኋላ የማስላት ሥራ ነው። የሚወጣው መልስ አንድ ቁጥር ሳይሆን የይሆንታ ስርጭት ነው፦ ውሃው ከዚህ እስከዚህ ባለው መጠን መካከል ይመስላል፣ ይኼኛው መጠን ይበልጥ ያስኬዳል፣ ያኛው ግን ከዳታው ጋር አይሄድም የሚል። ማሽን ለርኒንግ፣ ማለትም ኮምፒውተር ከብዙ ምሳሌ እንዲማር የማድረግ ዘዴ፣ ወደዚህ ሙያ የገባው ስርጭቱን ቶሎ ለማግኘት ነው። ኮምፒውተሩ ማንም ያላሰበውን ጋዝ ፈልፍሎ ያወጣልናል ብሎ የሚጠብቅ ካለ ግን ተስፋው ይቀርበታል፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እንደርስበታለን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዳታው በአብዛኛው የሚመጣው ከትራንዚት ነው። ፕላኔቱ በእኛና በኮከቡ መካከል ሲያልፍ የኮከቡ ብርሃን በጥቂቱ ይቀንሳል። ጁፒተርን የሚያህል ፕላኔት ፀሐይን በሚያህል ኮከብ ፊት ቢያልፍ ከብርሃኑ 1 በመቶ ገደማ ይሸፍናል፤ ምድርን የሚያህለው ግን ከሚሊዮን እጅ 84ቱን ብቻ። ከኮከቡ ብርሃን ጥቂቱ በፕላኔቱ ጠርዝ ያለውን ቀጭን አየር ሰንጥቆ ወደ እኛ ይመጣል። አየሩ አንድን የሞገድ ርዝመት አብዝቶ ከመጠጠ፣ ፕላኔቱ በዚያ የሞገድ ርዝመት ትንሽ ገዘፍ ብሎ ይታያል። ይህ የመግዘፍ ልዩነት በየሞገድ ርዝመቱ ተለክቶ ሲቀመጥ ስፔክትረሙ እሱ ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚወስነው ስኬል ሃይት የሚባለው መጠን ነው፤ ወደ ላይ ሲወጡ ግፊቱ ከነበረበት ወደ 37 በመቶ እስኪወርድ ያለው ከፍታ ማለት ነው። ሙቀት ከፍ ሲል ይረዝማል፤ የአየሩ ሞለኪውሎች ሲከብዱ ወይም ስበቱ ሲበረታ ያጥራል። የምድር 8.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ2002 በሀብል ቴሌስኮፕ ሶዲየም የተገኘበት፣ ከባቢ አየሩ ከሁሉ ቀድሞ የታወቀው ኤችዲ 209458 ቢ ግን ሞቃትና በአብዛኛው ከሃይድሮጅን የተሠራ በመሆኑ ስኬል ሃይቱ 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ይህ በኮከቡ ብርሃን ላይ ከሚሊዮን እጅ ወደ 165 የሚጠጋ ለውጥ ያመጣል። ምድርን ከሩቅ ሆኖ በፀሐይ ፊት ስታልፍ የሚለካ ቢኖር ግን በአንድ ስኬል ሃይት የሚያገኘው ከሚሊዮን እጅ ሩብ እንኳ አይሞላም፤ ይህን ዛሬ ካሉት ቴሌስኮፖች አንዱም አይለየውም። ተመራማሪዎች ትራፒስት 1ን በመሰሉ ትናንሽ ኮከቦች ላይ የሚያተኩሩትም ለዚህ ነው። ራዲየሱ የፀሐይን 12 በመቶ ያህል ስለሆነ ያው ምልክት ወደ 70 እጥፍ ያድጋል።

ትራንዚቱ ያልታየ ፕላኔት በዚህ መንገድ አይነበብም። ኢትዮጵያ በ2019 አቦል ብላ የሰየመችው፣ ቡና በተባለው ኮከብ ዙሪያ የሚዞረው ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት የታወቀው ኮከቡ በፕላኔቱ ስበት ወዲያና ወዲህ ሲሳብ ተለክቶ ነው። በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ስላልታየ የትራንዚት ስፔክትረም የለውም።

ወደ ኋላ ለማስላት መጀመሪያ ወደ ፊት ማስላት ያስፈልጋል

ፎርዋርድ ሞዴል የሚባለው ኮድ ከባቢ አየሩን ከታች እስከ ላይ ወደ 100 በሚጠጋ ንብርብር ይከፍለዋል። ለእያንዳንዱ ንብርብር ግፊት፣ ሙቀትና የጋዝ መጠን ይሰጠዋል፤ ከዚያ ብርሃኑ በየንብርብሩ ሲያልፍ ስንቱ እንደሚመጠጥ ደምሮ ስፔክትረም ያወጣል። ጋዞቹ የቱን የሞገድ ርዝመት እንደሚመጥጡ የሚነግሩት የሞለኪውል መስመር መዝገቦች ናቸው፤ ኤክሶሞል በተባለው ፕሮጀክት ካሉት መዝገቦች አንዱ ለሜቴን ብቻ ከ34 ቢሊዮን በላይ መስመር ይዟል። ማንም በነጻ አውርዶ ሊጠቀምባቸው ከሚችላቸው ኮዶች መካከል የለንደኑ ዩሲኤል ዩኒቨርሲቲ ታውሬክስና ፔቲትራድትራንስ ይገኛሉ።

ችግሩ አንድ ዓይነት ስፔክትረም የሚሰጡ አየሮች ብዙ መሆናቸው ነው። ከፍ ብሎ የተዘረጋ ደመና የስፔክትረሙን ጉብታዎች ይደፈጥጣቸዋል፤ ከባድ አየርም እንደዚሁ። የፕላኔቱ ራዲየስ በየትኛው ግፊት ላይ እንደተለካ ስለማይታወቅም የጋዙ መጠንና ራዲየሱ እርስ በርስ ይካካሳሉ። ስለዚህ ከ7 እስከ 15 የሚደርሱ ፓራሜትሮችን (እንደ ሙቀትና የጋዝ መጠን ያሉ የሞዴሉን ያልታወቁ ቁጥሮች) አንድ ላይ ማንቀሳቀስና ዳታውን የሚመስለውን ሁሉ መሰብሰብ ግድ ይላል። በ2009 ኒኩ ማዱሱዳንና ሳራ ሲገር ዘዴውን ወደ ኤክሶፕላኔት (በሌላ ኮከብ ዙሪያ ወደሚዞር ፕላኔት) ሲያመጡት በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሞዴሎችን አስልተው ከዳታው ጋር አነጻጽረዋል። ዛሬ መደበኛው መንገድ ኔስትድ ሳምፕሊንግ ነው፤ የማያስኬደውን የፓራሜትር ክልል ደረጃ በደረጃ እየጣለ ይጠጋል። እሱም ቢሆን ለአንድ ፕላኔት ፎርዋርድ ሞዴሉን ከመቶ ሺህ እስከ ሚሊዮን ጊዜ ይጠራዋል። አንዱ ጥሪ 1 ሰከንድ ቢፈጅ እንኳ መቶ ሺው 28 ሰዓት፣ ሚሊዮኑ ደግሞ ከ11 ቀን በላይ በአንድ ፕሮሰሰር ይወስዳል። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ የሚያዘጋጀው ኤሪየል ቴሌስኮፕ ወደ 1,000 ፕላኔቶች እንዲመለከት መታቀዱን ስታስቡ ሒሳቡ የት እንደሚያደርስ ግልጽ ነው። የኤሪየል ቡድን ከ2019 ጀምሮ የማሽን ለርኒንግ ውድድር ሲያዘጋጅ የቆየውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ማሽን ለርኒንግ የቱ ጋ ይገባል?

ቀላሉ መንገድ ኢሙሌተር ነው። አንድ ኒውራል ኔትወርክ (ከምሳሌ የሚማር ፕሮግራም) ፎርዋርድ ሞዴሉን መስሎ በሚሊ ሰከንዶች ስፔክትረም እንዲያወጣ ይሠለጥናል፤ ኔስትድ ሳምፕሊንጉ እንዳለ ይቀጥላል። ሁለተኛው ራንደም ፎረስት ነው፤ የብዙ የውሳኔ ዛፎችን ግምት አንድ ላይ ያቀናጃል። በ2018 በበርን ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች በ100,000 የተሰሉ ስፔክትረሞች ተጠቅመው ዋስፕ 12 ቢ የተባለውን ፕላኔት ሙቀት፣ ውሃ፣ አሞኒያ፣ ሃይድሮጅን ሳያናይድና ደመና ገምተዋል፤ የሀብሉ ዳታ 13 ነጥብ ብቻ ነበረው። የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅሙ የትኛው የሞገድ ርዝመት ለየትኛው መልስ እንደጠቀመ ማሳየቱ ነው፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም፣ በተራ ላፕቶፕም ይሠራል። ሦስተኛውና አሁን የብዙዎችን ዓይን የሳበው ኖርማላይዚንግ ፍሎው በተባሉ ኔትወርኮች ስርጭቱን በቀጥታ መማር ነው። የማሠልጠኛው ዋጋ በቅድሚያ አንዴ ይከፈላል፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ስፔክትረም ሲሰጠው በሰከንዶች ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ናሙናዎችን ያወጣል።

ሦስቱም የሚማሩት ከተሰላ ዳታ ነው። የማንንም ኤክሶፕላኔት አየር ቀድቶ ትክክለኛውን መልስ የጻፈልን የለም፤ ስለዚህ ማሠልጠኛውን የምናዘጋጀው ራሳችን ነን፣ በዚያ ላይ የምንወስነው ነገር ሁሉ መልሱ ውስጥ ይገባል። የዚህ ሙያ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የኔትወርኩ ዓይነት በአንጻሩ ቀላሉ ክፍል ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የፓራሜትሮቹ ወሰን ይቆረጣል፦ ለምሳሌ ሙቀት ከ500 እስከ 2,500 ኬልቪን፣ የየጋዙ መጠን ደግሞ ከትሪሊዮን አንድ እጅ እስከ አሥር በመቶ በሎጋሪዝም እኩል ተሰራጭቶ። ከዚህ ክልል በዕጣ እየተወሰደ ፎርዋርድ ሞዴሉ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ይሮጣል። ውጤቱ በመሣሪያው ነጥቦች ልክ ሳይጠቀለል በፊት በከፍተኛ ጥራት ይቀመጥ፤ ነገ የሀብልን ትቶ የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕን ዳታ ማንበብ ሲመጣ ሁሉን እንደገና ከማስላት ያድናል። ረብሻው፣ ማለትም የመለኪያው የዘፈቀደ ስሕተት፣ በየሥልጠናው ዙር አዲስ ሆኖ ይጨመር። አንዴ ተጨምሮ ከተቀመጠ ኔትወርኩ ረብሻውን ራሱን በቃሉ ይይዝና በፈተና ላይ ይወድቃል። ሌላው የተለመደ ስሕተት እያንዳንዱን ስፔክትረም በራሱ አማካይ አካፍሎ ማስገባት ነው፤ ያኔ ስለ ፕላኔቱ ራዲየስ የሚናገረው መረጃ አብሮ ይጠፋል። ማካፈል ካስፈለገ አማካዩ ለብቻው እንደ አንድ ተጨማሪ ግብዓት ይሰጥ።

ከሥልጠና በኋላ የሚመጣው ፈተና ደግሞ ከኔትወርኩ ተደብቀው ከቆዩ 1,000 ያህል ስፔክትረሞች ጋር ነው። 68 በመቶ እርግጠኛ ነኝ ብሎ የሰጠው ክልል ትክክለኛውን መልስ ከመቶ 68 ጊዜ ገደማ መያዝ አለበት። 50 ጊዜ ብቻ ከያዘ ከልክ በላይ ይተማመናል ማለት ነው፤ የሚያወጣው ምስል የቱንም ያህል ቢያምር ለኅትመት አይበቃም። በእውነተኛው ዳታ ላይ ሲደረስ ደግሞ ከኔትወርኩ የወጡትን ጥቂት ሺህ ናሙናዎች በፎርዋርድ ሞዴሉ መልሶ አስልቶ እያንዳንዱን በዳታው መመዘን ይገባል። ከናሙናዎቹ ክብደት የሚያገኙት እጅግ ጥቂቶቹ ብቻ ከሆኑ ኔትወርኩ የማያውቀው አገር ገብቷል።

ኔትወርኩ የማያውቀው ሲመጣ

ዋስፕ 39 ቢ የተባለው ፕላኔት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2022 ጄምስ ዌብ በ4.3 ማይክሮሜትር ላይ የካርቦን ዳይኦክሳይድን ጉልህ ምልክት አሳየ፤ ከጎኑ በ4 ማይክሮሜትር አካባቢ ግን ምንነቱ ያልታወቀ ትንሽ ጉብታ ነበር። ኋላ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ መሆኑ ታወቀ፤ የኮከቡ ብርሃን በአየሩ ላይ ኬሚስትሪ ሲሠራ የሚፈጠር ጋዝ ነው። ያለዚህ ጋዝ የሠለጠነ ኔትወርክ «ይህን አላውቀውም» የሚልበት ቃል የለውም። ጉብታውን ለማስረዳት ከሚያውቃቸው ጋዞች የአንዱን መጠን ያዛባና መልሱን በሙሉ መተማመን ይሰጣል። እንዲህ ያለውን ጉብታ የሚያስተውለው ግራፉን በዓይኑ የሚያይ ሰው ነው። ለዚህ ነው ከሪትሪቫሉ በፊትም በኋላም በዳታውና በሞዴሉ መካከል የቀረውን ልዩነት ነጥብ በነጥብ ማየት የማይቀረው።

ሌላው ወጥመድ የሚመጣው ከኮከቡ ነው። ፕላኔቱ የማያልፍበት የኮከቡ ገጽ ላይ ቀዝቃዛ ነጠብጣብ ካለ የውሃን የሚመስል ቅርጽ በስፔክትረሙ ላይ ያትማል፤ እንደ ትራፒስት 1 ባሉ ቀይ ድንክ ኮከቦች ላይ ይህ ከፕላኔቱ ምልክት ሊበልጥ ይችላል። ነጠብጣቡ በማሠልጠኛው ውስጥ እንደ ፓራሜትር ካልገባ ኔትወርኩ ውሃ አለ ይላል። መሣሪያውም የራሱ ጣጣ አለው፦ ኒርስፔክ የተባለው የጄምስ ዌብ መሣሪያ ሁለት ዲቴክተሮች (ብርሃን ተቀባዮች) ስላሉት በመካከላቸው ትንሽ የከፍታ ልዩነት ይፈጠራል፤ ይህንንም አንድ ፓራሜትር መስጠት የተለመደ ነው።

ዘዴው ሁሉ ትክክል ሆኖ ዳታው ራሱ የማይበቃበት ጊዜም አለ። በ2019 ኬ2-18 ቢ በተባለ ፕላኔት ላይ በሀብል ዳታ ውሃ ተገኘ ተባለ። ሀብል ያየው ከ1.1 እስከ 1.7 ማይክሮሜትር ብቻ ነበር፤ በ1.4 አካባቢ ደግሞ ውሃም ሜቴንም ይመጥጣሉ። በ2023 ጄምስ ዌብ ሰፋ ባለ የሞገድ ርዝመት ሲያየው የወጣው ሜቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በ2025 እዚያው ፕላኔት ላይ ከሕይወት ጋር ሊያያዝ የሚችል ዳይሜቲል ሰልፋይድ ምልክት ታየ ሲባል፣ ሌሎች ቡድኖች ያንኑ ዳታ በሌላ የሞዴል ምርጫ አስልተው ማስረጃው ሲላላ አይተዋል። ፈጣን ኔትወርክ እንዲህ ያለውን ክርክር አይፈታም። የሚጠቅመው በብዙ የሞዴል ምርጫ ደጋግሞ አስልቶ መልሱ ምን ያህል እንደሚዋልል ለማሳየት ነው፤ በአሮጌው ዘዴ ይህን ማድረግ ሳምንታት ይወስዳል።

ወደዚህ ሙያ መግባት የሚፈልግ ሰው የራሱ ቴሌስኮፕ አያስፈልገውም፤ የብርሃን ጉዞ ፊዚክስ፣ የቤይዥያን ስታቲስቲክስ (ከዳታ ተነስቶ ይሆንታን የማስላት ዘዴ) እና ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ግን ግድ ናቸው። ከሦስቱ ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው የመጀመሪያው ነው፤ ከኮምፒውተር ሳይንስ የሚመጡት ኔትወርኩን በሁለት ሳምንት ይሠሩና ውጤቱ ለምን የማይሆን ሙቀት እንደሰጠ ሲጠየቁ ይቸገራሉ። ለመለማመድ ዋስፕ 39 ቢን ምረጡ፦ የመጀመሪያው የጄምስ ዌብ ዳታ ወዲያው ለሁሉም ክፍት የተደረገ ነው፣ ምልክቱ ትልቅ ነው፣ የራሳችሁን መልስ የምታነጻጽሩበትም ብዙ የታተመ ውጤት አለ። በታውሬክስ አንድ ሪትሪቫል በአሮጌው መንገድ እስከ መጨረሻው አስኬዱ፤ ከዚያ ራንደም ፎረስቱን ሠርታችሁ ሁለቱን ስርጭቶች ደራርባችሁ ሳሉ። ኬ2-18 ቢን ግን ለኋላ አቆዩት፤ ምልክቱ ከረብሻው ብዙም ስለማይበልጥ፣ መልሱ ሲበላሽ ጥፋቱ የኮዱ ይሁን የዳታው ጀማሪ ሊለየው አይችልም።